እሑድ እሑድ ሄዝልኮም ደን

እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ዛሬም ሄዝልኮም። ለሦስተኛ እሑድ። ደን ነው ይሉታል… ደን የመግቢያ ትኬት አለው እንዴ? ደን ውስጥ የካሮት ኬክ ይሸጣል? ዛፎቹ ግርጌ ትንንሽ የእንጨት በር ቸንክረው፣ ውስጡ ክንፍ ያላቸው ደቃቃ ሰዎች ይኖራሉ ይላሉ። ጺማም አባት ተንበርክኮ በሩን ሲያንኳኳ ሰማሁት። «ማንም የለም መሰለኝ» አለ ለልጁ፣ ከልቡ አዝኖ። ጉድ እኮ ነው።

ልጄ ኤድሪያን ካርታ ዘርግቶ ይመራል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሽንት ቤቱ በካርታ! ምራቴ ፊሊፓ ከኋላ ቦርሳ ተሸክማ ትከተላለች። ፕላስተር፣ ተለዋጭ ካልሲ፣ የንብ መድኃኒት… ዘመቻ የምትሄድ ነው የምትመስለው። እኔ በራሴ መኪና ነው የመጣሁት። ሻንጣ አይደለሁም፣ አልጫንም ብያቸዋለሁ።

«ግሌኒስ፣ አበቦቹን አዩዋቸው? አያምሩም?» አለችኝ ፊሊፓ።

«አረም ነው።»

ታቢታ ሳቀች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ቀልድ ታውቃለች። ወንድሟ ሞንቲ አምስት ዓመቱ ነው፣ እሱ ደግሞ «አረም! አረም!» እያለ በአበቦቹ መሃል ሮጠ። ፊሊፓ «ሞንቲ፣ ውዴ፣ አበቦቹ እንዳይከፋቸው» አለች። እንዳይከፋቸው!

ከዚያ ወደ «ጀብዱ ሜዳ»። የገመድ መሰላል፣ የገመድ ድልድይ፣ በገመድ መንሸራተቻ። በሩ ላይ ሰሌዳ አለ፤ መነጽሬን ረስቼ ስለነበር ታቢታ አነበበችልኝ። አትሩጡ፣ አትግፉ፣ ሲረጥብ አትውጡ፣ ብቻችሁን አትውጡ… ከሥር ደግሞ ቢወድቁ እንዳይጎዱ የእንጨት ፍቅፋቂ በጉልበት ልክ ተከምሯል። እኔ በዚህ ዕድሜ ከጎረቤት የድርቆሽ ጎተራ ላይ ወድቄ ክንዴ ተሰብሯል፤ የተቆጣኝም የጎተራው ባለቤት ብቻ ነው። ጀብዱ ማለት እንዲያ ነው።

አበቦቹን ግን… አላየኋቸውም። መሬቱ ላይ ሰማያዊ ጭጋግ ነው ያየሁት። መነጽሩ ቆሽሾ ይሆናል።

መነጽሬን ረስቼ ነበር ብዬ ከላይ ጽፌያለሁ። አልረሳሁም።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

እንደ ሁልጊዜው ረቡዕ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አመጣኋቸው። ወላጆቻቸው እስከ ምሽት ሥራ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ረቡዕ የእኔ ነው። እንቁላልና የተጠበሰ ዳቦ በሉ። ሞንቲ ምንጣፉ ላይ ደፋ።

ስንመጣ፣ ድልድዩ ጋ የመንገዱ ጠርዝ ጎማዬን ፋቀው። ማን እዚያ እንዳስቀመጠው እንጃ።

«አያቴ፣ ቀይ ነው» አለች ታቢታ፣ መብራቱ ጋ ስንደርስ።

«አይቻለሁ።»

አላየሁም ነበር።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13

ሄዝልኮም። ዝናብ። ጤነኛ ሰው ዝናብ ሲመጣ ቤቱ ይገባል። እኛ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በኤድሪያን መኪና ውስጥ አምስት ሆነን ተጠጋግተን፣ መስኮቱ በትንፋሻችን ታፍኖ፣ ሳንድዊች በላን። ከፔርሙዝ ሻይ። በግራም በቀኝም ያሉት መኪኖች ውስጥ እንደኛው ያሉ ቤተሰቦች እንደኛው ሳንድዊች ይበላሉ። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ለቅሶ ቤት የተገናኙ ይመስል።

ኤድሪያን በየአሥር ደቂቃው «እየገለጠ ነው» ይላል። አባቱም እንዲሁ ነበር። ኢቮር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እየገለጠ ነው» እንዳለኝ ሞተ። በቀብሩም ቀን ዘነበ።

«ምንም ቢሆን አየር አገኘን» አለች ፊሊፓ። በታፈነ መኪና ውስጥ።

… ልጻፈው። ማንም አያነበውም።

በግራ ዓይኔ መሃል ላይ የተጨፈለቀ ነገር አለ፣ በአውራ ጣት መስታወት ላይ እንደተጠረገ ቅባት ያለ። የማየው ነገር ሁሉ መሃሉ የለም። ዳር ዳሩ አለ። የበሩ መቃን ቀጥ ያለ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ይጠማል። ከገና ጀምሮ ነው። አሁን ቀኙም ጀምሮታል።

ለማንም አልናገርም። አውቶቡስ እዚህ መንደር ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሹፌሩ ከፈቀደ። መኪናዋን ከወሰዱብኝ የተዘጋባት ዶሮ ነኝ። መኪናዋ ትቅር እሺ፣ ረቡዕስ? ረቡዕን ከወሰዱብኝ ምን ይተርፈኛል? እሑድ እሑድ የዛፍ በር ማንኳኳት?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

የመንጃ ፈቃድ ማደሻው ቅጽ መጣ። በጁን ሰባ ሦስት ይሞላኛል። ከሰባ በኋላ በየሦስት ዓመቱ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ከሃያ ሜትር ላይ የመኪና ታርጋ ማንበብ ይችላሉ? አዎ። አይ። አንዱ ላይ ምልክት ያድርጉ። በቃ! የሚፈትን የለም። ራስሽ ምስክር፣ ራስሽ ዳኛ። ሌባን «ሰርቀሃል ወይ?» ብሎ ጠይቆ፣ «አይ» ሲል አመስግኖ ማሰናበት ማለት ነው። የጨዋዎች አገር!

ጥያቄውን ያነበብኩት በማጉያ መነጽር ነው። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቁ ተወኝ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

የዛሬውን ሳልጽፍ አልተኛም።

የሄዝልኮም የእንቁላል ፍለጋ። ሰሌዳ ላይ ፍንጭ ይጻፋል፣ ልጆች ፍንጩን ተከትለው የቸኮሌት እንቁላል ይለቅማሉ። ሃያ የሚሆን ቤተሰብ ቅርጫት ይዞ ሰሌዳው ፊት ተኮልኩሏል። ማንም ከማንም ላለመቅደም «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ»… እስኪመሽ ሊቆሙ ነው።

ሞንቲ እጄን ጎተተ። «አያቴ፣ ምን ይላል? አንብቢው!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሰሌዳው ነጭ ነው፣ መሃሉ የለም። ታዲያ ምን ላድርግ? በትምህርት ቤት ምሳ አዳራሽ ሃያ ስምንት ዓመት «ተሰለፉ!» እያልኩ የኖርኩበት ድምፅ ወጣ።

«ከረግረጉ ማዶ፣ ጉጉት የሚተኛበት ትልቅ ዛፍ ሥር!»

አንድ አባት ሰሌዳውን አየ። እኔን አየ። እንደገና ሰሌዳውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ተከተለኝ! ሁሉም ተከተሉኝ። አንዲት አሮጊት በእርግጠኛ ድምፅ የተናገረችውን ማን «ተሳስተሻል» ይበላት? ነውር ነው። በሰልፍ፣ ቅርጫታቸውን ይዘው፣ ረግረጉ ውስጥ ገቡ። አንዱ ሕፃን የጎማ ቦቲውን ጭቃ ዋጠበት። አንዲት ሴትዮ እስከ ጉልበቷ ሰጥማ፣ ክንዴን ይዛ ስትወጣ፣ «ይቅርታ» አለችኝ። እኔን! ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ «ደስ የሚል የእግር ጉዞ ነው» አለ።

ማዶ ጉጉት የለም። እንቁላልም የለም። ትንሽ ቆሙ። ስለ አየሩ ተነጋገሩ። ከዚያ በጭቃ ተለውሰው ተመለሱ፣ አንድም ሰው አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣውም። እነዚህን ሰዎች ገደል አፋፍ ብወስዳቸው «ጥሩ እይታ ነው» ብለው ይዘሉ ነበር።

ስንመለስ ታቢታ በእኔ መኪና ነበረች።

«አያቴ፣ ሰሌዳው ላይ ጉጉት የለም።»

«ምን ነበር የሚለው?»

«ጥንቸሎቹ ከኩሬው አጠገብ ናቸው።»

መሪውን ያዝኩ። መንገዱን ባየሁት መጠን አየሁ።

«አታይም አይደል?»

«ትንሽ ነው። ዳር ዳሩን አያለሁ።»

«ለማንም አልናገርም» አለች። ጎበዝ ልጅ። እንዲያው ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 23

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ዋና ወሰድኳቸው። ታቢታ ከኋላ ወንበር መሃሉ ላይ ተቀምጣ በእርጋታ ትናገራለች። «ቀይ… አሁን አረንጓዴ… ብስክሌት በግራ… ሴትዮ ከውሻ ጋር።» ሞንቲ ጨዋታ መስሎት «ላም!» ይላል። ላምስ እኔም አላጣትም።

ጠርዙንም አልነካሁም። ከመቼውም ይልቅ በደንብ ነዳሁ። እንዲህ ከሆነ እስከ ሰማንያ እነዳለሁ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 27

ለካ ጠርጥረውኛል!

ሄዝልኮም መኪና ማቆሚያ። ኤድሪያን ከአንዲት ቀይ መኪና ተነስቶ ወደኛ ይራመዳል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። «አሥራ ስምንት… አሥራ ዘጠኝ…» ሲል ሰማሁት። ሃያ ላይ ቆመ።

«እማዬ፣ ያቺ መኪና የነዶርንፎርድ አትመስልሽም? እስቲ… ታርጋዋ ምን ይላል?»

ሞኝ! ዶርንፎርድ የሚባል ሰው አናውቅም። የገዛ ልጄ፣ አርባ አራት ዓመቱ፣ «እማዬ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው?» ማለት አቅቶት ሰው ይፈጥራል። ፊሊፓ ደግሞ የቦርሳዋን ዚፕ ስትከፍት ስትዘጋ።

ታቢታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አያቴ ብርድ ይዟታል» አለችና ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከችልኝ። እኔም አንድ በአንድ፣ በምሳ አዳራሽ ድምፄ፣ ፊደሉንም ቁጥሩንም አነበብኩለት።

«ትክክል» አለ። «አይ… የነሱ አይደለችም።»

«ጎበዝ!» አለች ፊሊፓ። ዱላ ይዞ ለተመለሰ ውሻ እንደሚባለው።

ከፋሲካ ጀምሮ ነው የጠረጠሩት ማለት ነው። ጠርጥረው ደግሞ ረቡዕ ልጆቻቸውን አስጫኑኝ! መጠየቅ ነውር ስለሆነ! ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ ግን የእነዚህ ዝምታ ነቅዟል፣ ይሸታልም።

ቤት ስገባ «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። ፖስታው ታሽጓል። ነገ እልከዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 30

ልጆቹን አመጣሁ። ሁሉ ደህና። ታቢታ ምግብ አልቀመሰችም።

ፖስታው አሁንም ዳቦ ሳጥኑ ላይ ነው። ለምን እንዳልላክሁት እንጃ።

ሐሙስ፣ ሜይ 1

ፊሊፓ ደወለች። መጀመሪያ ስለ አየሩ። ቀጥሎ ስለ ቲማቲም ችግኝ። እየጠበቅሁ ነበር፤ ይህች ሴት ወደ ነገሯ ለመድረስ ሦስት መንደር ትዞራለች።

«ግሌኒስ… ታቢታ ሆዷን ያማታል። ጠዋት ጠዋት። ትናንት አስመለሳት።»

«ሐኪም አያት?»

«ምንም የለባትም ይላሉ። ብቻ… ረቡዕ ረቡዕ ነው። ትምህርት ቤት የሚያስቸግራት ልጅ ይኖር ይሆን? ለእርስዎ ሁሉንም ትነግራለች። እባክዎ ይጠይቁልኝ።»

«እጠይቃታለሁ» አልኩ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ፣ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ተመልሼ ገባሁ። ረቡዕ ረቡዕ። የማስቸግራት እኔ ሆኜ፣ ማን እንደሚያስቸግራት እኔው ልጠይቃት ነው እንዴ?

ምናልባት ሌላ ነገር ነው። ምናልባት የሒሳብ ፈተና ነው።

እሑድ፣ ሜይ 4

ጀብዱ ሜዳው ላይ ግፊያ። በመንሸራተቻው ሰልፍ አንድ ጎረምሳ ሁሉንም አልፎ ገባ፤ አሥራ አምስት አዋቂ ጉሮሮውን ከመጥረግ በቀር ምንም አላደረገም። «ወደ ኋላ!» አልኩት፣ ሄደ። ሰዎቹ ከእሱ ይልቅ በእኔ አፈሩ።

ታቢታ ገመዱን ይዛ እስከ መጨረሻው ከፍታ ወጣች። እኩዮቿ ከሥር ያለቅሳሉ፣ እሷ እላይ በአንድ እግሯ ቆማለች ብሎ ሞንቲ ነገረኝ። ፈሪ ልጅ አይደለችም። ወረደችና አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። እነፊሊፓ ቡና ቤቱ ውስጥ ነበሩ።

«ሆድሽን ያምሻል አሉ።»

«ማን ነው የነገረሽ?»

«ረቡዕ ረቡዕ ብቻ የሚያም ሆድ ሰምቼ አላውቅም።»

ፍቅፋቂውን በጫማዋ ትቆፍራለች።

«አያቴ… መኪና ውስጥ ዓይኔን አላርገበግብም።»

«እንዴት?»

«ካርገበገብኩ፣ በዚያች መሃል የሆነ ነገር ቢመጣስ? ሞንቲ አለ። ስለዚህ ከትምህርት ቤት እስከ ቤትሽ እንዲህ ነው የማደርገው።»

ፊቴ ፊት ለፊት መጥታ በጣቶቿ ሽፋሽፍቷን ወደ ላይ ገትራ አሳየችኝ። ከቅርብ፣ አንገቴን ትንሽ ዘወር ሳደርግ፣ አያለሁ። ዓይኖቿ ቀልተው ውኃ ሞልቷቸዋል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ።»

እንዳይከፋሽ! የኛው ዘር። ከጭቃ ውስጥ ወጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ ብዬ የሳቅሁባት ሴትዮ… ታቢታ ከሷ በምን ተለየች? እኔስ? አንድ ወር ሙሉ በዚህ ደብተር «አፍ የላቸውም» እያልኩ ስሳለቅ፣ የራሴን አፍ ዘግቼ ሕፃን ልጅ መሪ አስጨብጫለሁ። በዕድሜዬ እንደዚህ አፍሬ አላውቅም።

ተነስቼ ቡና ቤቱ ሄድኩ። ኤድሪያን ሰልፉ መሃል ትሪ ይዟል።

«ኤድሪያን፣ ዓይኔ አያይም። ታርጋውን ያነበበችልኝ ታቢታ ናት። በየመንገዱም የምታይልኝ እሷ ናት። ሆዷን ያሳመማት ይህ ነው።»

ከኋላችን ያለችው ሴትዮ የምግብ ዝርዝሩን ልትሸመድደው ደረሰች።

ልጄ አየኝ።

«ሻይ… ከወተት ጋር?»

«ከወተት ጋር።»

ቁልፌን ትሪው ላይ፣ ከኬኩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሻዩን ሲቀዳ ግማሹን ቁልፉ ላይ ደፋው። ፊሊፓ ጠረጴዛው ጋ ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች አለቀሰች። ይቅርታው የእኔ ነው አልኳት። ጮክ ብዬ። ሁለተኛ ጊዜ አልደግመውም ብያለሁ።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

ፖስታውን ቀድጄ ምልክቱን ሰርዤ «አይ» ላይ አደረግሁ። ትናንት የዓይን ሐኪም። ግራው ጊዜው አልፎበታል አለች፣ ቀኙን መርፌ እየወጉ ሊያቆዩት ይሞክራሉ። ዓይን ውስጥ መርፌ! «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግዎታል» ብላኛለች። ይህ ፊደል የበግ ያህል የሆነው ማየት ስላቃተኝ ነው፣ አንድ ገጽ ላይ ዘጠኝ መስመር ብቻ ይገባል።

መኪናዋ የለችም። ኤድሪያን ሲወስዳት ከመስኮት አላየሁም። ብፈልግም አላይም።

ፊሊፓ ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ ቀድማ ትወጣለች። ዛሬ መጀመሪያ እኔን ወሰደች፣ ቀጥሎ ልጆቹን። ከኋላ ወንበር ላይ በሁለቱ መሃል ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሶ። ሻንጣ ሆንኩ እንግዲህ። ሴትየዋ አነዳዷ ሬሳ ያጀበች ያስመስላታል፤ ለርግብ ሳይቀር ቆማ ታሳልፋለች። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ እንኳ አይነፉም፣ ጨዋዎች ናቸው።

«ላም!» አለ ሞንቲ።

ታቢታ በልማዷ ወደ ፊት ተንጠራርታ መንገዱ ላይ አፈጠጠች። አንገቷ ገመድ ሆኗል።

«ተዪው» አልኳት። «እናትሽ ታያለች።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መነጽር እንኳ አታደርግም። ተደገፊ።»

ተደገፈች። ትንሽ ቆየች። ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ራሷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ዘወር ብዬ በዳር ዓይኔ አየኋት። ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ከፍታ፣ ኮቴ ላይ ለሃጯ እየፈሰሰ።

ፊሊፓ በመስታወቱ አይታ ፍጥነቷን ይባስ ቀነሰች። «ተኛች እንዴ? ላቁም? መስኮት ልዝጋ? ግሌኒስ፣ ትከሻዎን ከበደችዎት?»

«ዝም ብለሽ ንጂ» አልኳት።